የአባቴ ወጥመዶች

ባለፈው ሰኔ አሰላ መናኸሪያ ደርሼ ሻንጣዬን ከሚኒባሱ ጣሪያ እስኪያወርዱልኝ ስጠብቅ፣ ነፋሱ ዞረና የብቅል ፋብሪካው ሽታ መጣ። አሰላ ያላደገ ሰው ይህን ሽታ ወይ ዳቦ ይለዋል ወይ ጠላ፤ እንዲህ ሲሉ ስሰማ ያናድደኛል። እርጥብ ገብስ ቀስ እያለ ሲሞቅ የሚያወጣው፣ ጣፈጥ ያለና ትንሽ የሚያፍን ሽታ ነው። የጭላሎ ተራራ ጉም ለብሶ ደመናው ዝቅ ሲል ሽታው ከተማው ላይ ይተኛል፤ ልብስ ውስጥ ይገባል። ረዳቱ «እህት፣ ይቺ ናት ሻንጣሽ?» እያለ ሲጠይቀኝ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ነበር። የአባቴ ኮት ሸቶኝ ነበር።

ቡናማ የሱፍ ኮት ነበር። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ከውስጥ በኩል ሁለት ኪስ ጨምራበታለች፤ በቀኝ ለነጭ ጠመኔ፣ በግራ ለቀይ። ብቅሉና የጠመኔው ብናኝ ተቀላቅለው ኮቱ የራሱ ሽታ ነበረው። ወሬውን ከኮቱ የጀመርኩት ስለ አባቴ ማውራት ስለሚከብደኝ ነው። መምህር ከድር ይባል ነበር፤ ሒሳብ ያስተምር ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አላነሳም። የማወራው ስለዚያ ዓመት ብቻ ነው።

ዘጠነኛ ስገባ እሱ የሚያስተምርበት ክፍል ተመደብኩ። ትምህርት ሊጀመር ሲል አጠገቡ አስቀመጠኝና ሕግ አወጣ። «ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ ልጄ ነሽ። በሩን ካለፍሽ ተማሪዬ ነሽ። ክፍል ውስጥ አባ የሚባል ሰው የለም።» እሺ አልኩ። ቤት ውስጥ «አባ» እና «አንተ» እያልኩት ጠዋት አብረን እንወጣለን፤ በሩ ላይ ስንደርስ «ቲቸር» እና «እርስዎ» ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን እየተምታታብኝ እራት ላይ «ቲቸር፣ ጨው ያቀብሉኝ» እል ነበር። እናቴ በሳቅ ትሞታለች። እሱ ኮስተር እንዳለ ጨውን ያቀብለኛል።

ክፍል ውስጥ አንድ ልማድ ነበረው። በየቀኑ ሰሌዳ ላይ ከሚሠራቸው ጥያቄዎች አንዱ ላይ ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር ይጽፋል። ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። ስህተቱን ያየ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ወጥመድ!» ይላል። ልክ ከሆነ አባቴ «ጎበዝ» ይልና ከግራ ኪሱ ቀዩን ጠመኔ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ ልጁ ወጥቶ በቀይ ያርማል። ያቺን ጠመኔ መያዝ ትልቅ ክብር ነበር። ጣታችን ላይ የቀረውን ቀለም ሳንታጠብ ቤት ይዘነው እንሄዳለን። ማንም ካላገኘው ግን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ራሱ «ገባችሁበት አይደል?» ብሎ ያሳየናል። በቀን አንድ ወጥመድ፣ ከዚያ አይበልጥም።

የአልጀብራ ክፍልፋይ የጀመርን ቀን ትዝ ይለኛል። ላይ ኤክስ ሲደመር ስድስት፣ ታች ኤክስ ሲደመር ሁለት ጻፈ። ሁለቱን ኤክሶች በአንድ መስመር አጣፋቸውና «ስድስት ለሁለት፣ ሦስት» ብሎ ሦስት ጻፈ። እኛም ደስ ብሎን ገለበጥን። እጅ ያወጣ የለም። ዞሮ አየንና «በኤክስ ቦታ አንድ አስገቡ» አለ። አስገባን። ሰባት ለሦስት ሆነብን። ክፍሉ ተንጫጫ።

«በመደመር የተያያዘ አይጣፋም» አለ። «ስንዴና ገብስ አንድ ጆንያ ውስጥ ተደባልቀው፣ ገብሱን ብቻ ልውሰድ ብትል ማን ይሰጥሃል? መጀመሪያ በየጆንያው አድርገው። ፋክተር ማውጣት ማለት ይሄ ነው፤ የተደመረውን ወደ ብዜት መለወጥ። ከዚያ አንድ ዓይነት ጆንያ ላይም ታችም ካገኘህ፣ ያኔ አጣፋ።»

ሁለት ነገር ደግሞ እስኪሰለቸን ይደጋግምልን ነበር። አንደኛው፣ ታች ያለውን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ሁሉ ክልክል ነው፣ ያ ነገር ቢጣፋም ክልከላው ስለማይጣፋ ጎኑ ላይ ይጻፍ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ላይና ታች ያለው በሙሉ ሲጣፋ ዜሮ አይደለም፣ አንድ ይቀራል የሚል። ይህን ሁለተኛውን መስፍን ማመን አቃተው። መስፍን ጎረቤታችን ነው፤ የክፍሉ ቀልደኛ፣ እጁ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣ።

«ቲቸር፣ ሁሉንም አጣፍተንማ ምን ይተርፈናል?»

«አምስት ዳቦ ለአምስት ሰው ባካፍል ለአንዱ ስንት ይደርሰዋል?»

«አንድ ዳቦ።»

«ታዲያ ዳቦው የት ጠፋ? አልጠፋም። ቁጭ በል።»

ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ ከማሳ ማሳ መዞር በጀመሩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት አባቴ ክፍል ገብቶ ሙሉውን ትምህርት በቀይ ጠመኔ ጻፈ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰሌዳው ቀላ። እኛ እርስ በርስ ተያየን፤ ከዚያ መስፍን ብድግ ብሎ «ቲቸር፣ ዛሬ ሙሉው ወጥመድ ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ አየ፣ እሱም ሳቀ፣ ወደ ኪሱ መልሶ ነጩን አወጣ። ኪሱ ተሳስቶበት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ከዚያ ወዲህ ወጥመዱ በዛ። በቀን አንድ የነበረው ሁለት ሆነ፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም ይበልጣል። ምልክት ይቀይራል፣ በመደመር የተያያዘውን ያጣፋል፣ ጀምሮ የተወውን ጥያቄ እንደጨረሰ ይቆጥራል። እኛ እንዴት ደስ እንዳለን! ወረፋ የማይደርሳቸው ልጆች ሳይቀሩ ቀዩን ጠመኔ መያዝ ጀመሩ። «ቲቸር ለፈተና እያዘጋጁን ነው» ተባባልን። አንዳንዴ «ወጥመድ!» ስንለው ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ ሰሌዳውን ያያል፤ ከዚያ «ጎበዝ» ይላል። ያቺ ዝምታ ትወና መስላን ነበር። እንዲያውም መስፍን አስመስሎ ይጫወታት ነበር።

እኔማ ጨዋታውን ወደ ቤት ያመጣው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሩን ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ «ሀሊማ፣ ውሃ አቀብይኝ» አለኝ። ሀሊማ እህቱ ናት፤ እኔ ሳልወለድ የሞተች። እኔ እጄን አውጥቼ «ወጥመድ!» ብዬ ጮኽኩ። ሳቀ፤ «ጋሪዳ» አለኝ፤ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ደስ ሲለው በኦሮምኛ ነው የሚያወራው። ሌላ ቀን የእናቴን ነጠላ ጫማ አድርጎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ያዝኩት፤ «ወጥመድ!» አልኩ። አሁንም ሳቀ፣ ግን ትንሽ ነው የሳቀው። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ቁጣ ቅናት ነው ብዬ ተረጎምኩት፤ እሷን ጨዋታው ውስጥ ስላላስገባናት።

ከዚያ የመግሪብ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚሰገደው፣ ሶላት መጣ። እቤት ሲሆን አባቴ ከፊት ቆሞ ያሰግደናል፤ እናቴና እኔ ከኋላው። መግሪብ ሦስት ረከዓ፣ ሦስት ዙር ስግደት ነው፤ ሕፃን ልጅ እንኳን ያውቀዋል። አባቴ ሦስተኛውን ጨርሶ መቀመጥ ሲገባው ተነስቶ ቆመ፤ አራተኛ ሊጀምር። እኔ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ እያለ ከጎኔ ጠፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ በቀኝ መዳፏ የግራ እጇን ጀርባ መታች። አባቴ ቀጥ ብሎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። ሊጨርስ ሲል ሁለት ሱጁድ ጨመረ፤ ግንባሩን ሁለቴ ምንጣፉ ላይ አሳርፎ ሶላቱን በሰላምታ ዘጋ።

ያን ጊዜ እናቴም ተጫወተች ብዬ ደስ አለኝ። ሶላት ላይ ግን እንዴት ይቀለዳል ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ስጠይቀው አባቴ ራሱ በትዕግሥት አስረዳኝ። አሰጋጁ ከተሳሳተ ወንዶች «ሱብሓነላህ» ይላሉ፤ ሴቶች እንደዚያ እጃቸውን ይመታሉ። ማንም ሶላቱን አያቋርጥም፣ ማንም አይሰድበውም። የረሳ ሰው መጨረሻ ላይ ሁለት ሱጁድ ይጨምራል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። «ሰው እንደሚረሳ ቀድሞ ታስቦበታል፣ ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። በኋላ ይህን ባሰብኩ ቁጥር፣ ትምህርት ቤትም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖረው ኖሮ እላለሁ።

በሚቀጥሉት ምሽቶች የእናቴ እጅ ደጋግሞ ተሰማ። በዚህ መሃል አባቴን ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመው ጀመር፤ ያስመልሰዋል፤ ፊቱን ታጥቦ ኮቱን ለብሶ ይወጣል። እናቴ ለምና አዳማ ወሰደችው። ሲመለሱ እሱ ፈገግ ብሎ «ድካም ነው አሉ፤ እንቅልፍ ያንሰዋል አሉ» ብሎ ነገረኝ፤ ከአዳማ ያመጣልኝን ብርቱካንም ሰጠኝ። እናቴ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር የሌለበትን መርፌ ትነዳው ጀመር።

እሱ መስጊድ ሲሄድ ጠራችኝ። መኪናውን ሳታቆም ነው ያወራችኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስለኛል።

«አባትሽ እየተጫወተ አይደለም፣ ዘሀራ።»

«ምኑን?»

«ጭንቅላቱ ውስጥ የበቀለ ነገር አለ። ሐኪሙ ለብቻዬ አውጥቶ ነው የነገረኝ። ቢላ የማይደርስበት ቦታ ነው አለ። ለእሱ እንዳይነግሩት እኔ ነኝ የለመንኳቸው።»

«ለምን?»

«በሽተኛ ተስፋው ከተቆረጠ ከበሽታው በፊት ይሞታል። አንቺም ድካም ነው ትያለሽ። በተጠየቅሽ ቁጥር ድካም ነው። ገባሽ?»

ገባኝ አልኩ። ገብቶኝ አልነበረም። የገባኝ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ነው። አባቴ በመደመር የተያያዘ ነገር አጣፋ፤ ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ፤ ሳቁ ተነሳ፤ አንዷ ልጅ ጠመኔውን ተቀብላ እየዘለለች ወጣች። እኔ ብቻ ነበርኩ የማልስቀው። ዴስኩን በሁለት እጄ ይዤ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ሰው በአንድ ሰው ላይ ሲስቅ፣ ሳቁ ምንም ክፋት ባይኖረው እንኳን፣ ወደዚያ ዴስክ ነው የምመለሰው።

ለመስፍን ብቻ ነገርኩት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ጋ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። ድንጋይ እየለጋ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ «ያንን ዝም የሚሉትን ነገር ሳስመስል አይተውኝ ይሆን?» አለ። ከዚያ በኋላ ያቺን ነገር ተጫውቷት አያውቅም።

ክፉው ነገር፣ እኛ ክፍል ያልተያዘ ስህተት እንደ ትክክል ይቆጠር ነበር። ልማዱ ነው እንዲህ ያደረገን። ማንም እጁን ካላወጣና ቲቸር ራሳቸው «ገባችሁበት» ካላሉ ነገሩ እውነት ነው፤ ገልብጠን እናጠናዋለን። ስለዚህ ሌላ መምህር ያወጣው ፈተና ሲመጣ ብዙ ልጆች ወደቁ። አንድ አባት የልጁን ፈተና ይዞ ትምህርት ቤት መጣና ቢሮ ውስጥ ጮኸ። ልጄ እንደተማረው ነው የሠራው አለ፤ እውነቱንም ነበር።

በዚያ ምሽት አባቴ እራቱን ሳይነካ ነገረን። «ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘር ይዘው ክፍል ይገባሉ። ካልጣማቸው ንብረት ክፍል ይመድቡኛል።»

«ታዲያ ምናለበት ከድሬ» አለች እናቴ፤ «ታርፋለህ። ድካም ነው ብለውህ የለ።»

«ኳስና የላብራቶሪ ጠርሙስ ልጠብቅ? ፋጡማ፣ እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? ጠመኔውን ከእጄ ከወሰዱት እኔ ምንድን ነኝ?» ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ እንደ መደንገጥ ብሎ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋልኝ፤ «ብዪ፣ ብዪ» አለኝ።

እሑድ መስፍን የክፍሉን ልጆች በየቤታቸው ዞሮ አስማማ። ስለ በሽታው አልነገራቸውም፤ «ቲቸርን ሊያባርሯቸው ነው» ብቻ አላቸው። እቅዱ ቀላል ነበር። ምንም ቢሳሳቱ ወዲያው «ወጥመድ!» እንላለን፣ ቀዩን ጠመኔ ተቀብለን እናርማለን፤ እንግዶቹ የማስተማሪያ ዘዴ ይመስላቸዋል። አንድም ስህተት ሳይያዝ አያልፍም። እኔ ከዚያ የተሻለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሌሊቱን ፋክተር ሳወጣ አደርኩ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ የብቅሉ ሽታ ከተማውን ሞልቶት ነበር፤ እኛ ክፍል ስንገባ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ጀመር። ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ተቀመጡ። አባቴ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። ሰላም ብሎን ዞረና በዚያ በሚያምረው ጽሑፉ ጻፈ፤ ላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዘጠኝ፣ ታች ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አምስት ኤክስ ሲደመር ስድስት። ይህ ሲባዛ፣ ላይ ኤክስ ሲደመር ሁለት፣ ታች ኤክስ ሲቀነስ ሦስት።

የመጀመሪያውን በትክክል ፋክተር አወጣው፤ ኤክስ ሲቀነስ ሦስት፣ ኤክስ ሲደመር ሦስት። ታችኛውን ግን ኤክስ ሲደመር ሁለት እና ኤክስ ሲደመር አራት ብሎ ጻፈው። የመስፍን እጅ ከጠመኔው ድምፅ እኩል ወጣ።

«ቲቸር፣ ወጥመድ! ሁለትና አራት ተባዝተው ስምንት ነው። ስድስት የሚሰጡት ሁለትና ሦስት ናቸው።»

አባቴ ሰሌዳውን አየ፣ ዝም አለ፣ «ጎበዝ» አለ። መስፍን በቀይ አርሞ ተመለሰ። ከኋላ ሱፐርቫይዘሩ ለርዕሰ መምህሩ «ጥሩ ዘዴ ነው፤ ተማሪውን ያሳትፋል» ሲል ሰማሁ። መስፍን በዴስኩ ሥር አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ከዚያ አባቴ ማጣፋት ጀመረ። ላይ ያለውን ኤክስ ሲቀነስ ሦስት ከታቹ ጋር። ኤክስ ሲደመር ሦስትን ከኤክስ ሲደመር ሦስት ጋር። ኤክስ ሲደመር ሁለትን ከኤክስ ሲደመር ሁለት ጋር። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ አንድም አልተሳሳተም። ሁሉም ተጣፋ። እኩል ይሆናል የሚለውን ምልክት አደረገ፤ ቀጥሎ ትልቅ፣ ክብ፣ ንጹሕ ዜሮ ጻፈ።

ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ወጥመድ!» በአንድ ድምፅ ነበር፤ ዝናቡን አሸነፍነው።

አባቴ ዞረ። «የለም» አለ፤ «እዚህ ላይ ወጥመድ አላስቀመጥኩም።»

እጆቻችን አየር ላይ ቀሩ።

«ተመልከቱ እንጂ። ይሄ ተጣፋ። ይሄም ተጣፋ። ይሄም ተጣፋ። ምን ቀረ? ምንም አልቀረም። ዜሮ ነው።» ፊታችንን ተራ በተራ አየ፤ ግራ ገብቶት ነበር፤ እኛ ለምን እንደማይገባን ግራ ገብቶት። መስፍን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ሌሎቹም አወረዱ። ሱፐርቫይዘሩ መጻፉን አቁሞ ቀና ብሎ ነበር።

ድምፅ ቢወጣኝ ኖሮ አለቅስ ነበር። እጄ ግን ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ሳላስበው የቀኝ መዳፌ የግራ እጄን ጀርባ መታው። ጠፍ።

አባቴ ቀጥ አለ። ልክ መግሪብ ላይ እንደሚቆመው። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረና ዜሮዋን ለረጅም ጊዜ አያት። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየን። እጁ ወደ ግራ ኪሱ ገብቶ ቀዩን ጠመኔ ይዞ ወጣ፤ መዳፉን ሲከፍት የባቄላ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ነበረች።

«ይህቺ ዓመቱን ሙሉ ነበር የምትበቃኝ» አለ። ለማን እንደሚናገር አይታወቅም። «መቼ ነው ያለቀችው?»

መስፍን ወደ እኔ ዞረ።

«ዘሀራ።»

«አቤት፣ ቲቸር።»

«ወጥመዶቹን እኔ ነበርኩ የማስቀምጣቸው?»

እናቴ ያስጠናችኝን መልስ አውቀው ነበር። ግን የጠየቀኝ ስለ ድካም አልነበረም። ደግሞ እሱ ያስተማረው ልጅ ሰሌዳ ፊት አይዋሽም።

«አንዳንዶቹን፣ አባ» አልኩ።

ሕጉን ማፍረሴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። አልተቆጣኝም። ወደ እኔ መጥቶ ቁራጯን መዳፌ ላይ አስቀመጠና፣ እኔ ስነሳ በእኔ ቦታ ዴስኩ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ነበር የተቀመጠው። ወጣሁ። ዜሮውን አጠፋሁና በቀይ አንድ ጻፍኩ። ልመለስ ስል ከኋላዬ ድምፁ መጣ፤ የድሮው፣ የማይሳሳተው ድምፁ።

«አልጨረስሽም። የተጣፉትን ጎኑ ላይ ጻፊ። ኤክስ ሦስት አይሆንም። ኔጌቲቭ ሁለት አይሆንም። ኔጌቲቭ ሦስት አይሆንም።»

ሦስቱም ልክ ነበሩ። ጻፍኳቸውና ቁራጯን መለስኩለት። ደወሉ ተደወለ፤ አንድም ልጅ አልተነሳም። ርዕሰ መምህሩ መጥተው ትከሻውን ይዘው «መምህር፣ ትንሽ ይረፉ» አሉት፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። አባቴ ከቀኝ ኪሱ ነጭ ጠመኔዎቹን አወጣና ራሱ ሰጣቸው። ከዚያ እኔና እሱ በዝናቡ ወደ ቤት ሄድን። መንገዱን ሁሉ የኮቱን ግማሽ አልብሶኝ ነበር።

ክረምቱን ተኝቶ አሳለፈው። መጀመሪያ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ፤ ከዚያ ቃላት አንድ በአንድ ሄዱበት። ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል፤ በቅቤ የታሸ ጩኮ ይዘው፣ ወተት ይዘው፤ ሁሉም «ድካም ነው፤ አላህ ያሽርሃል» ብለውት ይሄዳሉ። እናቴ በሩ ላይ እየተቀበለች ቀድማ ታስጠነቅቃቸው ነበር። መስፍን እየመጣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ፋክተር ያወጣለታል፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ልክ ሲሆን ግንባሩ ይፈታል። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት የሚነገረው ያኔ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ መስኮቱ ተከፍቶ የብቅሉ ሽታ ይገባል። እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። ወተት በማንኪያ አጠጣሁትና አፉን ጠረግኩለት። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ሀሊማ ልሁን ዘሀራ አላውቅም። የለመድነውን ጀመርኩ።

«አባ፣ ዶክተሩ እኮ ደህና ነው ብሏል። ድካም ነው። መስከረም ላይ ትመለሳለህ። ልጆቹ እየጠበቁህ ነው።»

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ግራ እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ፤ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ አንድ ጣቱን ቀሰረ፤ ክፍል ውስጥ እኛ እንደምናደርገው። ከንፈሩ ብዙ ታገለ።

«ወጥ…መድ» አለ።

«ጎበዝ» አልኩት፤ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ። ተነስቼ ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው ኮቱ ግራ ኪስ ያቺን ቁራጭ ቀይ ጠመኔ አወጣሁና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ላገኘ ሰው ትሰጣለችና። ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈባት፤ ይዟት ተኛ።